ኃይል፣ ግፊትና ጉልበት፤ አንድ ጽንሰ ሐሳብ በተለያዩ የምርምር መስኮች

«ጉልበት የለኝም» የሚለው አቤቱታ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል በየዕለቱ የሚሰማ ነው። ቃሉን የሚቀበለው የጤና ባለሙያ ግን በካርዱ ላይ ከማስፈሩ በፊት ከብዙ ትርጉሞች አንዱን ለይቶ ማውጣት ይጠበቅበታል። ሕመምተኛው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ይሆናል፤ ደም ማነስ ይዞት ገና ሥራ ሳይጀምር ይደክመው ይሆናል፤ የጭኑ ጡንቻዎች ከድተውት ከተቀመጠበት መነሳት ተስኖት ይሆናል፤ በድባቴ ምክንያት ምንም ነገር ለመጀመር ፍላጎት አጥቶም ይሆናል። አማርኛ «ጉልበት» የሚለውን ቃል ለመገጣጠሚያው ጭምር ስለሚጠቀምበት፣ አልፎ አልፎ ችግሩ እዚያው ጉልበቱ ላይ ሆኖ ይገኛል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ሳይንስ ራሱ «ኃይል» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ከጎረቤቶቹ ለመለየት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ዛሬም ቢሆን የፊዚክስ፣ የፊዚዮሎጂ፣ የኤፒዲሚዮሎጂና የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪዎች በዚህ ስም የሚጠሩት አንድ ነገር አይደለም። ጉዳዩ ለጤና ባለሙያው ከቃላት ክርክር ያለፈ ነው። በሕክምና ሥራ ኅብረ ሕዋስን የሚጎዳውም ሆነ የሚያድነው የኃይሉ መጠን ብቻ አይደለም፤ ያረፈበት ስፋት፣ የቆየበት ጊዜና የያዘው አቅጣጫ ጭምር ነው። እነዚህን ሳይለዩ «ከባድ ነው» ወይም «ቀላል ነው» ብሎ ማለፍ እጅና እግርን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያሳጣል።

በአማርኛ በተጻፉ የሳይንስ ጽሑፎች አንዱ ደራሲ «ኃይል» ያለውን ሌላው «ጉልበት» ሲለው ይታያል። ከዚህ በታች «ኃይል» ሲባል አንድ አካል ሌላውን የሚገፋበት ወይም የሚስብበት መጠን፣ «ግፊት» ሲባል ያ ኃይል ላረፈበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት፣ «ኢነርጂ» ሲባል ደግሞ ሥራ የመሥራት አቅም ማለት ነው።

ሁለት ሐኪሞችና አንድ የተምታታ ቃል

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ኃይልን የአንድን አካል እንቅስቃሴ የሚለውጥ ነገር አድርጎ ገለጸው። ከዚህ ገለጻ ውስጥ ለሕክምና የሚጠቅሙ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው፣ ኃይል ምንጊዜም አቅጣጫ አለው። ሁለተኛው፣ ኃይል አንድ አካል በውስጡ ይዞት የሚዞረው ንብረት ሳይሆን በሁለት አካላት መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ጀርባ ፍራሹን የተጫነውን ያህል ፍራሹም ጀርባን ይጫናል። በስሙ የተጠራው መለኪያ፣ አንድ ኒውተን፣ መቶ ግራም ያህል ዕቃ በመዳፍ ላይ ሲቀመጥ ከሚሰማው ክብደት ጋር ይቀራረባል።

ይሁን እንጂ «ኃይል» የሚለው ቃል በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ኢነርጂ ለሚባለውም ነገር ያገለግል ነበር። ውዝግቡን ወደ መፍትሔው ካደረሱት ሰዎች መካከል ሁለቱ ሐኪሞች መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ዩሊየስ ሮበርት ማየር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1840 በአንድ የሆላንድ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ወደ ጃቫ ደሴት ተጓዘ። እንደ ዘመኑ ልማድ ለመርከበኞቹ ደም ሲያወጣ ከደም መልስ ቧንቧ የሚፈሰው ደም ከጠበቀው በላይ ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው፤ በመጀመሪያም በስህተት ደም ቅዳ ቧንቧ የወጋ መስሎት ነበር። በኋላ እንደተረዳው ግን በሞቃት አገር ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያቃጥለው ምግብ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከደሙ የሚወስደውም ኦክሲጅን ያንሳል። ከዚህ ተነስቶ ምግብ፣ ሙቀትና የጡንቻ ሥራ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጡ፣ ነገር ግን የማይጠፉ የአንድ ነገር ገጽታዎች ናቸው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ፤ ሐሳቡንም እ.ኤ.አ. በ1842 አሳተመ። በፖትስዳም የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ሄርማን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1847 ይህንኑ ሐሳብ በሒሳብ አደራጅቶ ሲያቀርብ፣ የጽሑፉ ርዕስ የሚናገረው ስለ «ኃይል» አለመጥፋት ነበር። ዛሬ ማንም የፊዚክስ ተማሪ የሚያውቀው የኢነርጂ ሕግ በተሳሳተ ስም ነው የተወለደው።

በዚያው ዘመን ሕይወት ያለው አካል ከግዑዙ ዓለም የሚለየው «የሕይወት ኃይል» በሚባል ልዩ ነገር ነው የሚል እምነት በሕክምና ትምህርት ቤቶች ጸንቶ ነበር። የበርሊን ወጣት ፊዚዮሎጂስቶች፣ በተለይም ኤሚል ዱ ቧ-ሬይሞንና ኤርንስት ብሩከ፣ በሰውነት ውስጥ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ኃይሎች በቀር ሌላ ኃይል እንደማይሠራ ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1842 ቃል ተግባብተው ነበር። ትግሉን በአመዛኙ አሸንፈዋል። በዕለታዊ አነጋገር ግን «የሕይወት ኃይል» አልሞተም። ግሉኮስ «ኃይል እንዲሰጠኝ» ይሰቀልልኝ ብሎ የሚለምን በሽተኛ የሚናገረው በከፊል ከማየር በፊት በነበረው ቋንቋ ነው። 5 በመቶ ግሉኮስ ያለበት አንድ ሊትር ፈሳሽ 50 ግራም ስኳር፣ ማለትም ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ይዟል፤ ይህም ከአንድ መጠነኛ ቁርስ አይበልጥም።

ኃይልና ስፋት

ኃይል ወደ ግፊት የሚለወጠው በስፋት ሲካፈል ነው። ይህ አንድ የማካፈል ስሌት በጤና ተቋም ውስጥ ብዙ ነገር ይወስናል። ነርሷ በአውራ ጣቷ በ10 ኒውተን ኃይል የመርፌ መግፊያውን ብትጫን፣ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት 60 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በዚያው አውራ ጣትና በዚያው ኃይል ባለ 1 ሚሊ ሊትሩን ሲሪንጅ ብትጫን ግን ግፊቱ ወደ 10 እጥፍ ያድጋል፤ የመግፊያው ጫፍ ስፋት በዚያው መጠን ያነሰ ነውና። የተዘጋ ካቴተር በትንሽ ሲሪንጅ ለመክፈት መሞከር ቱቦውን ሊያፈነዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ጣቷ ግን ልዩነቱን አይነግራትም፤ ጣት የሚያውቀው ኃይልን እንጂ ግፊትን አይደለም።

የደም ግፊትም ለመጀመሪያ ጊዜ የተለካው በቁመት ነበር። እንግሊዛዊው ቄስ ስቴፈን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፉ በአንዲት ፈረስ ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ ረጅም የመስታወት ቱቦ አስገብቶ ደሙ 2.5 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣቱን ገለጸ። ሪቫ-ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ክንድ የሚጠመጠመውን መለኪያ ሠራ፤ ኮሮትኮፍ ደግሞ በ1905 በማዳመጫ የሚሰሙትን ድምፆች ጨመረበት። መጠምጠሚያው ለክንዱ ከጠበበ ልኬቱ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ ይታወቃል፤ በወፍራም ክንድ ላይ በጠባብ መጠምጠሚያ ተለክቶ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው የስፋት ስህተት ሰለባ ነው።

በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ የራሱ አስቸጋሪ ቃል አለው። ከፍተኛ የደም ግፊት በብዙ ቦታ «ደም ብዛት» ይባላል። ቃሉ ግፊትን ሳይሆን መጠንን ያመለክታል። እናም «ደም ብዛት» አለብሽ የተባለች እናት ደሟ ስለበዛ ቀይ ሥጋ መተው ወይም ደም መስጠት የሚያድናት ሊመስላት ይችላል፤ በተቃራኒው «ደም ማነስ» አለብህ የተባለ ሰው ግፊቱ የወረደ ይመስለዋል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከፍተኛ የደም ግፊትና ደም ማነስ ሊኖርበት እንደሚችል፣ የኩላሊት ሕሙማን ዘንድም ይህ የተለመደ መሆኑን ለማስረዳት ሁለቱን ቃላት አስቀድሞ መለየት ግድ ይላል። የቧንቧ ውኃን ምሳሌ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ጎማው ጫፉ ላይ በጣት ሲጠብ ውኃው ሳይጨምር ግፊቱ ይጨምራል።

እንዲሁም በ1896 እ.ኤ.አ. ኤርነስት ስታርሊንግ በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ በኩል ፈሳሽ የሚወጣበትንና የሚገባበትን ሚዛን ገለጸ። ተማሪዎች እስከ ዛሬ «የስታርሊንግ ኃይሎች» ብለው ያጠኑታል፤ በትክክለኛው አነጋገር ግን አራቱም ግፊቶች ናቸው። የእግር እብጠት በልብ ድካምና በኩላሊት በሽታ ለምን መንስኤው እንደሚለያይ የሚገባው በዚሁ ሚዛን ነው።

ኃይልና ጊዜ

ከሁሉም ይልቅ በጤና ባለሙያው ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ጊዜ ነው። ሰውነት በቅጽበት የሚያርፍበትን ትልቅ ኃይል ይሸከማል፤ የሮጠ ሰው ተረከዝ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደቱ እጥፍ በላይ ይቀበላል። የማይሸከመው ትንሽ ሆኖ የማይነሳውን ነው። ዩጂን ላንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930 በሰው ጣት ጥፍር ሥር ያለን ቀጭን የደም ሥር ወግቶ ሲለካ፣ በደም ቅዳው ጫፍ ያገኘው አማካይ ግፊት 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የውጭ ግፊት ሳይነሳ ከቆየ ደም ወደ ቆዳው መድረሱ ያጠራጥራል። ሚካኤል ኮሲያክ እ.ኤ.አ. በ1959 በውሾች ላይ ባደረገው ጥናት ደግሞ ከፍተኛ ግፊት በአጭር ጊዜ፣ ዝቅተኛ ግፊትም በረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ቁስል እንደሚያስከትሉ አሳየ። ራሱን ስቶ የተኛን ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ከሚደገፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የመኝታ ቁስል የሚያመጣው ፍራሹ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛው ሳይገላበጥ ያሳለፈው ሌሊት ነው።

የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በሕንድ ቬሎር፣ በኋላም በአሜሪካ ካርቪል ሲያክም የኖረው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፖል ብራንድ ይህን ሐሳብ የበለጠ አብራርቶታል። በእርሱ ዘመን ብዙዎች በሥጋ ደዌ ጣትና እግር የሚቆረጠው ደዌው ሥጋውን ስለሚበላ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ብራንድ እንዳሳየው ሥጋው የሚጠፋው ስሜት በማጣት ምክንያት በሚደርስ ጉዳት ነው። ጉዳቱንም በሦስት መንገድ ለየው። ጠባብ ጫማ ለሰዓታት የሚያሳድረው ዝቅተኛ ግፊት ደምን ከልክሎ ቆዳን ይገድላል። ሚስማር ወይም ስባሪ ጠርሙስ በጠባብ ስፋት ላይ የሚያሳርፈው ከፍተኛ ግፊት በቅጽበት ይቆርጣል። ሦስተኛውና አታላዩ መንገድ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የሚደጋገም፣ ለጤነኛ ሰው ምንም የማይመስል መጠነኛ ኃይል ነው፤ ጤነኛ ሰው አሥር ሺህ እርምጃ ሳይሞላ ማንከስ ይጀምራል፣ እግሩንም ያሳርፋል። ስሜት ያጣው ሰው ግን በተቆጣው ሥጋ ላይ መራመዱን ይቀጥላል። ይህ ትምህርት አሁን ቁጥራቸው እየበዛ ለመጣው የስኳር ሕሙማን እንዳለ ይሠራል። እግራቸው ሥር ሞቆ ወይም ቀልቶ የተገኘ እንደሆነ ገና ሳይቆስል ማሳረፍ ነው ሕክምናው።

በወሊድ ክፍል ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም የከፋ መልክ አለው። ምጥ የሚለካው በኃይሉ ብቻ ሳይሆን በድግግሞሹና በቆይታው ነው። ለዚህም ነው ፓርቶግራፍ ላይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የምጥ ክትትል ቅጽም ላይ፣ አዋላጇ በ10 ደቂቃ ውስጥ የመጣውን ምጥ ብዛትና የእያንዳንዱን ርዝመት በሴኮንድ የምታሰፍረው። ምጡ በርትቶ መውጫው ከጠበበ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ፊኛና የማህፀን ግድግዳ ከፊት ለፊቱ የዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዛል። ግፊቱ ለአንድ ምጥ ያህል ቢሆን ጉዳት አያደርስም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ሲሆን ግን በመካከል የተያዘው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። የሞተው ሥጋ ወዲያው አይወድቅም፤ ሽንት ያለማቋረጥ መፍሰስ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከረጅም ምጥ በኋላ «ደህና ነች» ተብላ ወደ ቤቷ የተሸኘች እናት ፊስቱላ ይዛ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ምጥ ለወለደች እናት ካቴተር አስገብቶ ፊኛዋን ባዶ ማቆየት፣ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ራሱ እንዲዘጋ ዕድል ይሰጠዋል። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱት ይህ በጊዜ የተሠራ ቁስል የሚያሳድደው ሴት ብዛት ስላስገደዳቸው ነው።

በዚሁ ክፍል ሌላም የኃይል ስህተት ይፈጸማል። ምጡ ሲዘገይ ከላይ የእናቲቱን ሆድ መጫን በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። የተጫነው ኃይል ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። መውጫው ጠቦ ከሆነም ኃይሉ የሚሸከመው የማህፀኑ ግድግዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ይህ አሠራር እንዲደረግ አልመከረም።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ የወጌሻ ነው። ወጌሻው በተሰበረ ክንድ ላይ የቀርከሃ ቁራጭ ደርድሮ በጨርቅ ሲያስር የሚያሳርፈው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከመጠን ያለፈ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። የተሰበረው ክንድ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። በዚህ ጊዜ ግፊቱን የሚፈጥረው ወጌሻው ሳይሆን እብጠቱ ራሱ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ወላጆቹ ስብራት ያማል ብለው ያባብሉታል፤ በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቁረው ወደ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው ክንዱን መቁረጥ ይሆናል። ወጌሻውን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም። በጤና ተቋምም ትኩስ ስብራት ላይ ዙሪያውን የተዘጋ ጀሶ ማድረግ ይኸንኑ ውጤት ያስከትላል። በጡንቻ ክፍሎች ውስጥ ግፊት ሲጨምር የመጀመሪያው ምልክት ከስብራቱ ጋር የማይመጣጠን ሕመም ነው፤ ጣቶቹ ቀስ ተብለው ሲዘረጉም ሕመሙ ይብሳል። የእጅ አንጓ የደም ትርታ መገኘቱ ሊያረጋጋ አይገባም፤ ትርታው የሚጠፋው እጅግ ዘግይቶ ነው። ጀሶው እስከ ቆዳው ድረስ ተሰንጥቆ ሕመሙ ካልቀነሰ ቀዶ ሕክምናው ለሰዓታት የሚዘገይ አይደለም።

የሚጎዳው ጊዜ የሚያድንበት ሁኔታም አለ። የኩርጋኑ ሩሲያዊ ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው፣ የተቆረጠ አጥንት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ያውም በአራት ተከፍሎ ቀስ ብሎ ቢሳብ በመካከሉ አዲስ አጥንት ይበቅላል። ቸኩሎ ቢሳብ ክፍተቱ ባዶውን ይቀራል፤ እጅግ ቢዘገይ አጥንቱ ያለ ዕድሜው ይገጥማል። በቆልማማ እግር የተወለዱ ሕፃናትን በኢግናሲዮ ፖንሴቲ ዘዴ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ ማቃናትም በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው፤ የባለሙያው ጣት የሚያሳርፈው ኃይል እዚህ ግባ የማይባል፣ ነገር ግን ሳምንት ሙሉ የማይለቅ ነው።

ከጡንቻ እስከ ሕዋስ

«ጉልበት የለኝም» ወዳለው ሕመምተኛ ስንመለስ፣ ሐኪሙ የጡንቻን ኃይል ያለ ምንም መሣሪያ የሚለካበት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1943 በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የወጣው ከ0 እስከ 5 የሚደርስ ደረጃ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራበት ይችላል። የደረጃው ማዕከል 3 ቁጥር ነው፤ ጡንቻው የመሬትን ስበት ብቻ አሸንፎ እጅን ወይም እግርን ማንሳት ይችላል ማለት ነው። የኒውተን ስበት በዚህ መልክ በየሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚገኝ፣ የማይበላሽ ሚዛን ሆኗል። ጉድለቱ ግን መታወቅ አለበት። በ4ኛው ደረጃ ውስጥ እጅግ ሰፊ ልዩነት ተደብቋል፤ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከግማሽ በላይ ኃይሉን አጥቶም ሐኪሙ ሊያሸንፈው ላይችል ይችላል። ለዚህ ነው ሳይደገፍ ከወንበር እንዲነሳ ወይም በተረከዙ እንዲራመድ መጠየቅ ከመግፋትና ከመሳብ የተሻለ መረጃ የሚሰጠው። ይህን ሁሉ አድርጎ ጡንቻው ሙሉ ኃይል እንዳለው የተረጋገጠለት ሰው ድካሙ ከደሙ፣ ከልቡ፣ ከታይሮይድ ዕጢው ወይም ከሐዘኑ ይመጣ እንደሆነ መፈለግ ይቀጥላል።

ከጡንቻው ወደ ታች ሲወረድ ኃይሉ ከመታመን በታች ያንሳል። በጡንቻ ውስጥ ያለች አንዲት የማዮሲን ሞለኪውል የምትስበው የኒውተንን ትሪሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ ነው። ሕዋሳትም ኃይልን ይሰማሉ። አርደም ፓታፑቲያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ፒዬዞ ብለው የሰየሟቸውን፣ ሲጫኗቸው የሚከፈቱ የሕዋስ በሮች አገኙ፤ ለዚህም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር ተጋርቷል። ንክኪን፣ የመገጣጠሚያን አቀማመጥ፣ የፊኛን መሙላት ሰውነት የሚያውቀው በእነዚህ በሮች ጭምር ነው። የሥጋ ደዌና የስኳር በሽታ የሚቀሙት ይህን ዜና ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ነው።

በኒውተን የማይለካ ኃይል

ኤፒዲሚዮሎጂም «ኃይል» የሚለውን ቃል ተውሷል። ቢንያሚን ጎምፐርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 የመድን ድርጅቶች ለሚሠሩበት ስሌት የሰው የመሞት ዕድል ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚያድግ በቀመር አስቀመጠ፤ ይህ ፍጥነት በኋላ «የሞት ኃይል» ተባለ። በተመሳሳይ «በበሽታ የመያዝ ኃይል» ማለት ገና ያልተያዙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያዙበት ፍጥነት ነው። የሚገፋ ነገር፣ አቅጣጫም የለውም፤ በምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ኃይል ተብሏል። ሆኖም ስሌቱ የሚያስከትለው ውጤት ምሳሌያዊ አይደለም። የመያዝ ኃይሉ በዓመት 0.2 ከሆነ ልጆች በአማካይ በ5 ዓመታቸው ይያዛሉ። ክትባት ተጀምሮ ነገር ግን ብዙዎችን ሳያዳርስ ቀርቶ ኃይሉ ወደ 0.05 ዝቅ ቢል፣ ያልተከተቡት የሚያዙበት አማካይ ዕድሜ ወደ 20 ዓመት ይወጣል። ለብዙ በሽታዎች ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ለሩቤላ ግን 20 ዓመት የእርግዝና ዕድሜ ነው፤ በሽታው በሕፃንነት ቀላል ሆኖ በፅንስ ላይ ግን ዓይንን፣ ጆሮንና ልብን ይጎዳል። በግሪክ አገር የሩቤላ ክትባት በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ ለዓመታት ዝቅተኛ ሽፋን ላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣቶች ላይ ወረርሽኝ ተነስቶ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ተወልደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች የሩቤላን ክትባት ከመጀመራቸው በፊት ከፍተኛ ሽፋን ማስጠበቅ መቻላቸውን እንዲያረጋግጡ ለዓመታት ይጠይቅ የነበረው ለዚህ ነበር።

በመጨረሻም ኃይል በሰው እጅ ሆን ተብሎ የሚሰነዘርበት መስክ አለ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1996 የኃይል ጥቃትን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ብሎ ፈርጆታል። ድርጅቱ በ2002 ያወጣው ሪፖርት ጥቃትን ሲተረጉም አካላዊ ኃይልን ብቻ ሳይሆን ሥልጣንን መጠቀምን፣ ማስፈራራትንና ችላ ማለትንም አካትቷል። በዚህ ትርጉም ሕፃንን ማስራብ፣ በኒውተን ሲለካ ዜሮ ቢሆንም፣ ኃይል ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች፣ የኒውተኑና የኅብረተሰብ ጤናው፣ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይገናኛሉ። አንዲት ሴት ክንዷ ተሰብሮ ትመጣለች፤ አብሯት የመጣው ሰው «ወድቃ ነው» ይላል፤ እርስዋም ራስዋን ትነቀንቃለች። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ስለሚያርፍ ኃይሉ ከመዳፍ ወደ ላይ ይጓዛል፤ በአብዛኛው የሚሰበረውም የሬዲየስ አጥንት ከእጅ አንጓው አጠገብ ነው። ሬዲየሱ ደህና ሆኖ ኡልና ብቻ በመካከሉ አግድም የተሰበረ እንደሆነ ግን ኃይሉ የመጣው ከጎን፣ በጠባብ ስፋት ላይ፣ በአንድ ቅጽበት ነው፤ ፊቱን ለመከላከል ክንዱን ያነሳ ሰው የሚደርስበት ስብራት ይህ ነው። በካርዱ ላይ «ወድቃ የተሰበረች» ብሎ ከመጻፍ በፊት አብሮ የመጣውን ሰው ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ ማስወጣት፣ ብቻዋን ማነጋገር፣ የስብራቱን ቦታ፣ ቅርጽና አቅጣጫ፣ እንዲሁም በሰውነቷ ላይ ያለ ሌላ የቆየ ጠባሳ ካለ ልኩንና ቦታውን መዝግቦ መፈረም ይገባል።